ወይካ

ለገሃር ጀርባ ነው፤ ጠባብ ናት ሱቄ፤
የገባ አይቀመጥም፤ እኔም ተጣብቄ
በሚዛንና በጆንያ መሃል
እግሬ ሲዘረጋ ምስር ይረግጣል።

ኅዳር መባቻ ላይ አንዲት ሴት መጣች፣
ዘጠኝ ክንድ ጨርቅ ላይዋ ጠቅልላ።
«ወይካ» አለችኝ፤ ቆይታም «ወይካ» አለች፤
የምታወጣው ቃል የለ ከዚህች ሌላ።

እርድ አወረድኩላት፤ ራሷን ነቀነቀች።
ኮረሪማ ሰጠኋት፤ አሽትታ መለሰች።
አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ደረቅ በሶብላ፤
ምትኩ ከመሰላል ሲወርድ፣ ሲወጣ፤ ኋላ
ባንኮኒው ላይ ከፈሰሰው ዱቄት
በጣቷ ሣለችው፤ ቀንድ የመሰለ፣
ጎኑ የተሸነተረ፣ ጫፉ የሾለ።
ከዚያም ሁለት ጣቷን አጣብቃ ስትለይ
የሌለ ልጋግ ሲሳብ አየን።
ምትኩ በሳቅ ሞተ።
«ባሚያ!» አልኩ እኔ።
«ባሚያ!» አለች እሷ።
ለአትክልት እንዲህ ሲጮህ ሰው ሰምቼ አላውቅም እድሜዬን።

ጣቷ አላረፈም ከዚያች ሰዓት ወዲያ፤
«ሱከር?» «ስኳር።» «ሳቡን?» «ሳሙና።»
«ኩባያ?» «ኩባያ።»
ሌባ የገባበት ቤቱን እንደከፈተ ሰው፣
ባትሪ አብርቶ፣ ቀስ ብሎ፣
የተረፈለትን እንደሚቆጥር፣ ሌባው የሄደውን ጥሎ፣
ከመደርደሪያ መደርደሪያ ዞረች።
እኔም ሂሳቤን ትቼ አብሬ ቆጠርኩ፤
ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የሷን ቃል ስሸጥ ኖርኩ፤
በኪሎ፣ በእፍኝ፣ አንዳንዴም በዱቤ።

ወይካ ማለት ባሚያ ናት፤ ደርቃ የተወቀጠች።
የአሶሳው ሾፌር ላቀው
በሁለት ሳምንቱ በፌስታል ይዟት መጣ።
ኢጅላል ቋጠሮውን ፈትታ፣ አፍንጫዋን ነክራ፣
የሽምብራው ጆንያ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።
ታለቅሳለች ብዬ ውሃ ስቀዳላት
«የኛ ይበልጣል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።
ታክሲ ውስጥ ያገኛት ሁሉ ስለ ዓባይ ይጠይቃታል፤
እኔ የምጠይቃት ስንት ግራም እንደሆነ ብቻ ነው።
ለዚህ ይሆናል አንድ ቅዳሜ
«ያንተ ቤት፣ የት?» ያለችኝ።
አማርኛዋ ያነክሳል፤ «ቤት» ግን ቀጥ ብላ ነው የቆመች፤
በሷም አገር ቤት፣ ቤት ነው የምትባለው።

በአገጬ ሽቅብ፣ ወደ ፒያሳ ጠቆምኩ።
ተወልጄ የሸበትኩበት እሪ በከንቱ
ዛሬ ሣር ነው፤ መብራት ያበቀለ፤
ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት አግዳሚ አለው፤ ያምራል፤ ምን ይባላል።
እሪ ብለን ነበር፤
ስሙ ቀድሞ ነግሮን የለ!

ዕጣ የደረሰኝ ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ንጹሕ ነው፤ ሽንት ቤቱ የግል፤
ግን እንቅልፍ የለበትም፤ ጸጥታው ያፍናል።
እሪ በከንቱ ከአልጋችን ግድግዳ ጀርባ
ቦኖ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ
ጀሪካን ላይ የሚንጠባጠብ፤
ስልሳ ዓመት በሱ ነው የተኛሁት።
አሁን ሚስቴ ስታንቀላፋ እነሣና
የወጥ ቤቱን ቧንቧ በስሱ አላላና፣
ከሥሩ ባዶ ጀሪካን አቁሜ
እንደ ሌባ በእግሬ ጣት እመለሳለሁ፤ ከዚያ ነው ሕልሜ።
ሲነጋ «ቢሉ!» ትላለች፣ «ኧረ የውሃው ቢሉ!»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።
በእጅ፣ በአማርኛ፣ በሷም በኔም ስብርባሪ ነገርኳት።

ኢጅላል ዝም አለች።
ቀጥላ ክንዶቿን አክብባ በአየር ላይ ቦርጭ ሠራች፤
«ዚር» አለች።
«ጋን?» አልኳት።
ኦምዱርማን፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ በእንጨት ርካብ ላይ የተቀመጠ፣
ውሃው ከሸክላው እያላበ፣ ሌሊት ከሥሩ ሳህን ላይ…
ቃል አነሳት።
ምላሷን ላንቃዋ ላይ አጣብቃ ለቀቀች፤
ጧ።
ጠበቀች።
ጧ።
ልኩ ነበር። መሃል ያለችው ዝምታ ሳትቀር።

«ጨው አለ?» አለ አንድ ሰው ከደጅ።
ምትኩ ሰጠው፤ መልሱንም ቆጠረለት።
እኛ ሦስተኛዋን እየጠበቅን ነበር።